አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል፦ በአልትራሳውንድ ስለሚሠራ የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ከተሰጠ የጤና ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በሥራ ቀን ማታ፣ ልጅ ያላችሁ ልጅ አስተኝታችሁ፣ ፈረቃ ያላችሁ ፈረቃ አስቀይራችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። እኔ ነርስ ነኝ። መጀመሪያ አዲስ አበባ በአንገት በላይ ክፍል፣ ከዚያ እዚህ ሜሪላንድ በቀዶ ሕክምና ክፍል ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሐኪሙ ቆርጦና ሰፍቶ ይወጣል፤ ታካሚው ከሰመመን ሲነቃ መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት ነው። በሦስተኛው ሌሊት «አበጠብኝ፣ ምን ልሁን?» ብሎ ሲደውል ስልኩን የሚያነሳውም አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኔ ያለ ነርስ ነው። የምነግራችሁ ከዚያ ቦታ ሆኜ ያየሁትንና የተማርኩትን ነው።

ርእሱን የመረጣችሁት እናንተ ናችሁ። ባለፈው ስለ ደም ግፊት አውርተን ስንጨርስ ሦስት ወጣቶች በየተራ ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ። «በአልትራሳውንድ የሚሠራው የአፍንጫ ቀዶ ሕክምና እውነት መዶሻ የለበትም? እውነት አያብጥም?» ሦስቱ አይተዋወቁም። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነበር፤ ሹክሹክታቸውም አንድ ነበር። ሰው ተደብቆ ሲወስን የሚያማክረው ስልኩን ብቻ ነው፤ ይህ ደግሞ ያስፈራኛል። ስለዚህ ዛሬ በማይክሮፎን እናውራው።

የእኛ ሰው ስለ መልክ ሲያወራ አፍንጫን አይዘልም። «አፍንጫዋ ሰልካካ ነው» ከተባለ ቁንጅናዋ ተመሰከረ ማለት ነው። ጎራዳ፣ ደፍጣጣ የሚሉት ቃላት ደግሞ ሕፃኑ ገና አራስ ቤት ሳለ ይለጠፉበታል። አክስቶቻችን ጣታቸውን ቅቤ አስነክተው የጨቅላ አፍንጫ ሲቆነጥጡ ያላየ እዚህ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ቅቤው አፍንጫ አይቀርጽም። «አፍንጫህ መስተካከል አለበት» የሚለው ነገር ግን ከዚያ ይጀምራል። ይህን ያነሳሁት ቀዶ ሕክምናውን የሚፈልገውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። ለዚህ የመጣን ሰው «ምን ጎደለህ?» ብዬ አላውቅም። የመጣበትን ምክንያት ራሱ እንዲያውቀው ግን እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው ከሐኪሙ ጋር በደንብ ይነጋገራል።

አሁን እጃችሁን አንሡና አፍንጫችሁን ንኩ። አትፈሩ፣ ሁላችንም እየነካን ነው። ከቅንድባችሁ መሃል ጀምራችሁ በጣታችሁ ቀስ እያላችሁ ወደ ታች ውረዱ። ላይኛው ክፍል ጠንካራ ነው፣ አይነቃነቅም፤ አጥንት ነው። መነጽር የሚያርፍበትን አለፍ ስትሉ ጣታችሁ ከጠንካራው ወደ ለስላሳው ሲሻገር ይሰማችኋል። ከዚያ ጀምሮ እስከ ጫፉ ድረስ ያለው እንደ ጆሯችሁ የሚታጠፍ ካርቲሌጅ ነው። ከርዝመቱ ሲሦው አጥንት፣ የቀረው ሁለት ሦስተኛ ካርቲሌጅ መሆኑ ነው። ውስጡን ለሁለት የሚከፍለው ግድግዳም ከፊት ካርቲሌጅ፣ ከኋላ አጥንት ነው።

ይህን ያስነካኋችሁ በምክንያት ነው። የአልትራሳውንዱ መሣሪያ የሚሠራው በዚያ በላይኛው፣ በአጥንቱ ላይ ነው። ጉብታን ያስተካክላል፣ የሰፋ አጥንት ያጠባል፣ የተጣመመውን ያቀናል። ጫፉን ማንሳት፣ ጫፉን ማቅጠን፣ የቀዳዳውን ስፋት መቀነስ ግን የምላጭ፣ የመቀስና የስፌት ሥራ ነው። ከእኛ ሰው መካከል ደግሞ ብዙው የሚመጣው ስለ ጫፉና ስለ ቀዳዳው ስፋት እያሰበ ነው። አጥንቱ ምንም ያልሆነ ሰው «በአልትራሳውንድ ነው የምሠራው» ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ ሲከፍል አዝናለሁ። መሣሪያው ለእርሱ ችግር አልተሠራም።

ቀድሞ የነበረው፣ ዛሬም ያለው ዘዴ እንዲህ ነው። ሐኪሙ ጉብታውን በሞረድ ይሞርደዋል። አጥንቱን ለማጥበብ ቀጭን መሮ በአፍንጫው ውስጥ ያስገባና ረዳቱ በትንሽ መዶሻ ይመታለታል። መዶሻውን የያዝኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። ድምፁ ጠቅ ጠቅ እያለ ይጀምራል፤ መሮው ወፍራሙ አጥንት ላይ ሲደርስ ይለወጣል፤ ልምድ ያለው ሐኪም የት እንደደረሰ የሚያውቀው ያን የድምፅ ለውጥ ሰምቶ ነው፣ «በቃ» ይለኛል፣ አቆማለሁ። በዓይኑ አያይማ። ቆዳው ሥር በግምትና በልምድ ነው የሚሄደው። በዚህ መንገድ ዛሬም እጅግ ያማሩ አፍንጫዎች ይሠራሉ፤ ማንም «የድሮ ነው» ብሎ አያጣጥልባችሁ። ነገር ግን አጥንቱ ከታሰበው መስመር ወጥቶ የሚሰነጠቅበት ጊዜ አለ፤ መሮው ውስጠኛውን ስስ ሽፋንና የደም ሥሮችን የሚቀድበትም ጊዜ አለ። ደሙ ደግሞ የሚወርደው ወደ ዓይን ሥር ነው። «አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል» የምንለው ለዘመድ መተዛዘን ነው፤ በቀዶ ሕክምና ክፍል ግን ቃል በቃል ሲፈጸም ታያላችሁ። የተመታው አፍንጫ ነው፣ የሚጠቁረው ዓይን ነው።

አፍንጫን ለመልክ ሲባል መሥራት አዲስ ነገር አይደለም። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ልቁጠርላችሁ። በ1887 ጆን ኦርላንዶ ሮ የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ከአፍንጫ ውስጥ ገብቶ ጫፉን ስለማስተካከል ጻፈ። በ1898 ደግሞ ዣክ ዮሴፍ የሚባል ሐኪም በርሊን ውስጥ በአፍንጫው ትልቅነት ተሸማቆ ከሰው መቀላቀል የከበደውን ሰው አፍንጫ አሳንሶ ለከተማው ሐኪሞች አቀረበ። ዮሴፍ የተከራከረው ሰውየው በሽታ ባይኖርበትም ሥቃይ አለበት ብሎ ነው። እኔ ይህን ሰው የማከብረው ለዚያ ነው።

አልትራሳውንዱ የገባው በሌላ በር፣ በጥርስ ሕክምና በኩል ነው። በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የሚባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጫኗቸው ኤሌክትሪክ እንደሚያወጡ አገኙ። ነገሩ በግልባጩም ይሠራል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጣቸው ይንቀጠቀጣሉ። ይህን መሣሪያ «ፒየዞ» ሲሉት የምትሰሙት ከዚያ ነው፣ ቃሉ በግሪክኛ መጫን ማለት ነው። ጣሊያናዊው የጥርስና የአፍ ቀዶ ሐኪም ቶማሶ ቬርቼሎቲ ይህን ንዝረት የመንጋጋ አጥንት ለመቁረጥ አዋለው። በ2007 ማሲሞ ሮቢዮኒ የሚባል ሌላ ጣሊያናዊ ከባልደረቦቹ ጋር ለአፍንጫ አጥንት እንደተጠቀሙበት አሳተሙ። በ2016 ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ጀርቦ ከአሜሪካውያኑ ከሮሊን ዳንኤልና ከአሮን ኮሲንስ ጋር ሆኖ አፍንጫውን ከፍቶ፣ አጥንቱን በዓይን እያዩ መሥራት እንዴት እንደሚቻል በዝርዝር ጻፉ። ዛሬ የምታዩት ማስታወቂያ ሁሉ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

አልትራሳውንድ ሲባል ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ የሚደረገው የሚመስላችሁ አላችሁ። የዚህኛው ሥራ ፎቶ ማንሳት አይደለም። ጫፉ ላይ ትንሽ መጋዝ ወይም ሞረድ ያለው እስክሪብቶ የመሰለ መሣሪያ ነው። በሰከንድ ከ25,000 እስከ 30,000 ጊዜ ያህል ይንቀጠቀጣል፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው እስከ 20,000 ብቻ ስለሆነ ነው አልትራሳውንድ የተባለው። እንቅስቃሴው ከአንድ ሚሊ ሜትር አምስተኛ አይበልጥም። ጥርሳችሁን ውሃ በሚረጭ መሣሪያ ያሳጠባችሁ ካላችሁ ዘመዱን ታውቁታላችሁ። በዚያ ፍጥነት ጠንካራው አጥንት ይቆረጣል፤ ለስላሳው ሥጋ ግን አብሮ ስለሚንቀጠቀጥ አይቆረጥም፤ ሥጋን ለመቁረጥ ከ50,000 በላይ ንዝረት ያስፈልጋል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን እኔም ያመንኩት ሥልጠና ላይ ነው። አሠልጣኙ ጥሬ ዕንቁላል አምጥቶ በመሣሪያው ቅርፊቱ ላይ የጥፍር ስፋት ያለው አራት ማዕዘን መስኮት ቆረጠ። የተቆረጠውን ቅርፊት በወረንጦ አነሳው። ሥር ያለችው ነጭ ስስ ልባስ አልተቀደደችም። ዕንቁላሉን ዘንበል ሲያደርገው ልባሷ ውስጥ ፈሳሹ ሲወዛወዝ ይታያል፣ አንዲት ጠብታ ግን አልወጣችም። መዶሻ ለያዘ እጅ ይህን ማየት ትልቅ ነገር ነው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ቆሜ የምነግራችሁ አለ። መሣሪያው ይሞቃል። የጨው ውሃ ሳይቋረጥ ካልፈሰሰበት ወይም ሐኪሙ ቸኩሎ ከተጫነው ቆዳንም አጥንትንም ያቃጥላል። አጥንቱን በዓይን ለማየት ቆዳው ከመሮው ዘዴ ይልቅ ሰፋ ተደርጎ መነሳት አለበት። ቀዶ ሕክምናውም ይረዝማል። ሁለቱን ዘዴዎች ያወዳደሩ ጥናቶች በአብዛኛው የሚያሳዩት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የዓይን ሥር መጥቆሩና እብጠቱ በአልትራሳውንድ ሲሆን እንደሚያንስ ነው። ሳምንታት ሲያልፉ ልዩነቱ ይጠባል። ከዓመት በኋላ አፍንጫችሁን የሚለየው የትኛው መሣሪያ ቆረጠው የሚለው ሳይሆን ማን፣ ምን ያህል፣ የት ቆረጠው የሚለው ነው። ስለዚህ «አያብጥም ወይ?» ላላችሁኝ ልጆች መልሴ፣ ያብጣል። ትንሽ ይቀንስላችሁ ይሆናል።

አሁን ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ ወደምፈልገው ልምጣ። አፍንጫ መተንፈሻ ነው። አንድ ጣታችሁን ከአፍንጫችሁ ጎን ጉንጫችሁ ላይ አድርጉና ቆዳውን ወደ ጆሯችሁ ሳብ አድርጋችሁ ተንፍሱ። ትንፋሹ ከበፊቱ በጣም ቀለል ያለለት ሰው አለ? እጃችሁን አታንሡ፣ ለራሳችሁ ያዙት። ይህን ሐኪሞች ሲመረምሩ ያደርጉታል። ከአፍንጫው መሃል በሁለቱም ጎን፣ ግድግዳውና የጎኑ ካርቲሌጅ የሚገናኙበት ጠባብ በር አለ፤ የአየሩ መንገድ ከሁሉ የሚጠበው እዚያ ነው። አፍንጫ ሲቀጥን ያ በር አብሮ ይጠባል።

አንዲት እህት ትዝ ትለኛለች። ሌላ ቦታ ተሠርታ ነው ወደ እኛ የመጣችው። ፎቶዋ ያምራል፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ አፍንጫ። አጠገቧ ቆሜ ትንፋሽ ስትስብ ግን የአፍንጫዋ ሁለት ጎን ወደ ውስጥ ልጥፍ ይላል፣ ስታወጣ ይመለሳል። ሌሊት በአፏ እየተነፈሰች፣ ጉሮሮዋ ደርቆ እየነቃች ሁለት ዓመት ኖራለች። ለማስተካከል ከጎድን አጥንቷ ካርቲሌጅ ተወስዶ ነው ጎኑ የተደገፈው። ያ ሁለተኛው ቀዶ ሕክምና ከመጀመሪያው የከበደ ነበር። በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው እንኳ «እንዴት ነው የምትተነፍሺው?» ብሎ አልጠየቃትም። እርሷም አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ስለ መሣሪያው ነው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ እንግዲህ መሣሪያውን በኋላ ጠይቁ። መጀመሪያ አፍንጫችሁን ውስጡን ያይላችሁ። እንደ እኔ ዓይነት ቆዳ፣ እንደ እኔ ዓይነት አፍንጫ ያለው ሰው ሠርተሃል ወይ፣ ከዓመት በኋላ የተነሳ ፎቶ አሳየኝ በሉት፤ በሁለተኛው ወር የተነሳው ገና ያበጠ ነው። ድጋሚ ካስፈለገ ምን ይሆናል፣ ማን ይከፍላል በሉት። በተለያዩ ጥናቶች ከመቶ ታካሚዎች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ድጋሚ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል፤ «እኔ ዘንድ አይደርስም» የሚላችሁን ሐኪም ተጠንቀቁት። ወፍራም ቆዳ ያላችሁ፣ ከቆዳው ሥር ያለው ቅርጽ ጎልቶ ለመታየት ጊዜ ይወስዳል፤ ጉዳዩ የቆዳ ነው፣ መሣሪያ አይለውጠውም። ኬሎይድ፣ ማለትም ከቁስል በኋላ አብጦ የሚያድግ ጠባሳ፣ የሚወጣባችሁ ካላችሁ ተናገሩ። በሁለቱ ቀዳዳዎች መሃል የምትቀረው ትንሽ ጠባሳ በጥቁር ቆዳም ላይ አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ትደበዝዛለች፣ ሐኪሙ ግን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ለመልክ ብቻ ሲሆን እዚህ አገር ኢንሹራንስ አይከፍልም። ግድግዳው ተጣሞ መተንፈስ ለሚከለክለው ሰው ግን ያ ክፍል ሊሸፈን ይችላል፤ በጽሑፍ ጠይቁ።

መስተዋት ፊት በቀን ሰዓታት የሚቆም፣ በማይታይ ጉድለት ምክንያት ከሥራ የቀረ ሰው በመካከላችሁ ካለ፣ እባካችሁ መጀመሪያ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግር። ያ ራሱን የቻለ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው፤ ቀዶ ሕክምና ግን አይፈውሰውም፣ ብዙ ጊዜ ያባብሰዋል።

ከቀኑ በፊት ስለሚደረገው ባጭሩ። ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ አራት ሳምንት ቀድሞ ይቁም፤ ለቆዳው የሚደርሰውን ደም ይቀንሳል። አስፒሪን፣ አይቡፕሮፌን፣ የዓሣ ዘይት፣ ቫይታሚን ኢ፣ በክኒን የሚወሰድ ነጭ ሽንኩርት ደም ስለሚያቀጥኑ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሳምንት ቀድመው ይቆማሉ። ሐኪም ለልብ ያዘዘላችሁን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። ጫት የሚቅም ካለ ለሰመመን ባለሙያው ሳያፍር ይንገር፤ የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል።

ጾምን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እናት በስልክ አስተርጓሚ «ነገ ጾመው ይምጡ» ተባሉ። እርሳቸውም ቃሉን አክብረው፣ ሥጋም ወተትም ሳይነኩ፣ ጠዋት በሽሮ በልተው መጡ። ቀዶ ሕክምናው ለሌላ ቀን ተላለፈ፤ ያን ዕለት እንባቸውን ያበስኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የእርሳቸው አልነበረምና። የሐኪም ጾም ምንም አለመብላት ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢያንስ ስድስት ሰዓት ምግብ የለም፤ ንጹሕ ውሃ ቀዶ ሕክምናው ሊጀመር ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ሊፈቀድ ይችላል። ከባድ ምግብ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። ለወላጆቻችሁ ስታስተረጉሙ «ጾም» ብላችሁ አትለፉት።

ቀዶ ሕክምናው በሙሉ ሰመመን ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ አብዛኛው ሰው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። ስትነቁ አፍንጫችሁ ላይ ጀሶ አለ። ጀሶ እንላለን እንጂ አሁን አብዛኛው በሙቅ ውሃ የሚለሰልስ ፕላስቲክ ነው። ከሥሩ ደም የሚመጥ ጎዝ ይለጠፋል፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ደጋግማችሁ ትቀይሩታላችሁ። ውስጡ የሲሊኮን ደጋፊ ሊኖር ይችላል፤ ያኔ የምትተነፍሱት በአፍ ነው፣ አፋችሁ ይደርቃል። የዋጣችሁት ደም ሆድ ስለሚያውክ ብታስመልሱ አትደንግጡ። ሕመሙ ሰው ከሚፈራው ያነሰ ነው፤ የሚያስቸግረው መታፈኑ ነው። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጫፍ ይደርሳል። ራሳችሁን በትራስ ከፍ አድርጋችሁ፣ በጀርባችሁ ተኙ።

በዚህ ጊዜ የሚያስቸግረን የራሳችን ፍቅር ነው። የታመመ ሳይጠየቅ አይቀርም፤ ጠያቂው ደግሞ ሳይስም አይቀመጥም። ጉንጭ ለጉንጭ፣ ግራ ቀኝ ግራ፣ ከዚያ ትከሻ ለትከሻ። አጥንቱ ገና ያልያዘ አፍንጫ በአክስት ጉንጭ ሲገፋ አስቡት። በር ላይ ቆሞ የሚናገር ሰው መድቡ፤ «እጅ ብቻ ነው የምንሰጠው» ይበል። በራስ የሚጠለቅ ቀሚስና ሹራብ ለሳምንታት ይቀመጥ፤ በቁልፍ የሚከፈት ልበሱ። ቡናው ሌላ ክፍል ይፈላ፣ ዕጣኑም ይቅር። ቆሎና ጥሬ ሥጋ ብዙ ስለሚያሳኝኩ የላይኛውን ከንፈር ያሠራሉ፤ ለጥቂት ቀን አጥሚትና ሾርባ ይበቃል። አፍንጫ አትናፈጡ፤ ማስነጠስ ከመጣ አፍ ተከፍቶ ነው።

ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ጀሶው ይነሳል። ስለዚህ ቀን አስቀድሜ ላስጠንቅቃችሁ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የበለጠ እንባ የማየው በዚያ ቀን ነው። መስተዋቱን ስትይዙ የምታዩት ያሰባችሁትን አፍንጫ አይደለም። ያበጠ፣ ጫፉ ወደ ላይ የተነሳ፣ ከፊት ሲያዩት ከበፊቱም የሰፋ ሊሆን ይችላል። ጫፉን ስትነኩት የሌላ ሰው ይመስላል፣ ደንዝዟል። ፈገግታችሁ ይገታተራል። ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ነው። በሁለተኛው ሳምንት አብዛኛው ሰው ወደ ቢሮ ሥራ ይመለሳል። ከባድ ዕቃ ማንሳትና ስፖርት ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይቆያል፤ መነጽርም አጥንቱ ላይ እንዳያርፍ እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠዋት ጠዋት ያብጣል፣ ማታ ይቀላል። ሦስተኛው ወር ላይ መልኩ ይወጣል። መጨረሻው ግን ዓመት ነው፤ ወፍራም ቆዳ ላለው ዓመት ከመንፈቅና ከዚያም በላይ።

የሚያስደውላችሁን ደግሞ ያዙ። ተጭናችሁት የማይቆም ነስር፣ ትኩሳት፣ በአፍንጫ ውስጥ እየጨመረ የሚሄድ እብጠትና መደፈን፣ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ሳያቋርጥ መንጠብጠብ፣ የዓይን እይታ መለወጥ። እነዚህ እስኪነጋ አይጠበቁም። በግድግዳው ላይ ደም ከተጠራቀመ ካርቲሌጁ ምግብ አጥቶ በቀናት ውስጥ ይሞታል፣ አፍንጫውም ይሰምጣል።

ወደ ኢስታንቡል ሄደው መሠራት የሚያስቡ እንዳሉ አውቃለሁ። ከተማዋ ለዚህ ሥራ የታወቀች ናት፤ በዚህ መሣሪያ የተካኑ ሐኪሞችም እዚያ አሉ። እኔ የምጠይቃችሁ ስለ ከተማዋ አይደለም። ጀሶው በሳምንት ይነሳል፣ እናንተ ትመለሳላችሁ፣ የቀረው ሃምሳ ሳምንት ግን እዚህ ነው። በአራተኛው ወር አንዱ ጎን ቢያሳስባችሁ ማን ያያችኋል? ይህን ቲኬት ሳትቆርጡ መልሱ። የሌላ ሐኪም ሥራ ለመከታተል ፈቃደኛ የሚሆነው ጥቂት ነው።

ጥያቄዎች ነበሩ፤ ሦስቱን ልጻፋቸው።

አንድ ወንድም፣ «በመርፌ ብቻ የሚስተካከለውስ አይሻልም?» አለኝ። መርፌው ይሞላል እንጂ አይቀንስም፤ ለትንሽ ጉድጓድ ይረዳል፣ ለጊዜው ነው። አፍንጫ ግን ለዚህ መርፌ ከፊት ሁሉ አደገኛ ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ነው። ፈሳሹ የደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳ ይሞታል፣ ዓይን እስከ መታወር ይደርሳል። በውበት ሳሎንና በሰው ቤት በፍጹም አታስወጉ።

አንዲት እናት ስለ አሥራ አራት ዓመት ልጃቸው ጠየቁ። ይጠብቁ አልኳቸው። የሴት ልጅ አፍንጫ እድገቱን የሚጨርሰው በ15 እና በ16 ዓመት አካባቢ ነው፣ የወንድ ከ17 በኋላ ነው። ዕድሜው ሲደርስም ጥያቄው የልጅቷ መሆን አለበት፤ የእናትም የጓደኛም አይሁን።

በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንዲት ትልቅ ሴት ተነሡ። «ልጄ» አሉኝ፣ «ባለቤቴ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ሴት ልጄ አፍንጫዋ ቁርጥ የእርሱን ነው። ጉብ ያለችው እንኳ። እርሷ ልትሠራው ቀን ይዛለች፣ እኔ ደግሞ ዝም ብዬ እያየሁ ነው። ምን ላድርግ?» አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ወዲያው አልመለስኩም።

«እናቴ» አልኳቸው፣ «ይህን የነገሩኝን ለእርሷ ነግረዋታል?» አልነገሩም። «ይንገሯት። ለመከልከል ብለው ሳይሆን እንድታውቀው። ምናልባት እርሷም እያሰበችው ይሆናል። ከዚያ ከሐኪሙ ጋር በምትነጋገርበት ቀን አብረዋት ይግቡ። ዛሬ ጉብታን ሙሉ በሙሉ ሳያጠፉ ትንሽ ብቻ ማለዘብ ይቻላል፤ በኮምፒውተር ፎቶዋ ላይ አስቀድመው ያሳይዋችሁ። የአባቷንም ፎቶ ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ የትኛው መስመር እንዲቀር እንደምትፈልጉ ያይበታል። ቆርጣ ከወሰነች ደግሞ ያን ሌሊት ያስፈልጓታል። ትራሱን ሦስት አድርገው ይደራርቡላት፤ በአፏ ስለምትተነፍስ ውሃ አጠገቧ ያስቀምጡ፣ ስትነቃ ጎዙን ይቀይሩላት።»